በላያቸው ጽሕፈት ስለ ተጨመረባቸው ቴምብሮች

ባለፈው ጊዜ በዚህ ገጽ ቴምብርን ከደብዳቤ ፖስታ ላይ ሳይቀደድ ስለ ማላቀቅና በአልበም ስለ ማኖር ጥቂት ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአንባቢዎች የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ይኸውም ቴምብሩ ታትሞ ካለቀ በኋላ በላዩ ሌላ ቃል ወይም ሌላ ዋጋ ወይም ሌላ ምልክት ስለ ተጨመረበት ዐይነት ነው። እንዲህ ያለው ቴምብር ለጀማሪ ሰብሳቢ ግራ የሚያጋባ፤ ለአታላይም የእንጀራ መንገድ የሆነ ነገር ስለ ሆነ፤ ዛሬ ዐምዱን በሙሉ ለእርሱ መስጠት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ለአጭር አነጋገር ያህል ይህን በኋላ የተጨመረውን ነገር «የላይ ጽሕፈት» እያልሁ እጠራዋለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን የአንባቢዎች ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ወራት በፊት፤ ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት የሆናቸው አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ ወይዘሮ በነጠላ የተጠቀለለ አሮጌ አልበም ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ሠላሳ ዓመት ያህል ቴምብር ሲያከማቹ የኖሩ ሰው ነበሩ። አንድ የቴምብር ነጋዴ አልበሙን አገላብጦ አይቶ፤ «ተራውን አልፈልገውም፤ የላይ ጽሕፈት ያለባቸውን ብቻ፤ እውነተኞቹን ለይተው ያምጡልኝ፤ ከፍ ያለ ገንዘብ እሰጣለሁ፤ ነገር ግን በኋላ አንዱ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ገንዘቤን መልሼ እጠይቃለሁ» ብሏቸዋል። ወይዘሮዋም በዚያ ገንዘብ የልጅ ልጃቸውን ለማስተማር አስበዋል።

«ልጄ፤ አንተ በፍርድ ቤት የሰነድ ማኅተም ስትመረምር የኖርህ ሰው ነህ፤ ይህንንም መርምርልኝ» አሉኝ።

«እሜቴ፤ የውል ማኅተምና የቴምብር ማኅተም አንድ አይደለም» ብላቸው፤ «ሐሰት እንደ ሆነ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው» ብለው አልበሙን በጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። እኔም ወደ ኋላ ማለት አልቻልሁም።

እንግዲህ አስቀድሞ የላይ ጽሕፈት ስለምን እንደሚወጣ ማወቅ ይገባል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ቴምብሩን በየት ቦታ እንደሚያኖረው ሊያውቅ አይችልምና። አዲስ ቴምብር ማሠራት ጊዜ ይፈጃል፤ ሥዕሉ ይቀረጻል፤ ወረቀቱ ይታዘዛል፤ የታተመውም አንዳንድ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። መንግሥት ሲለወጥ፤ የገንዘብ ዋጋ ሲናወጥ፤ ወይም በዓል በድንገት ሲደርስ ግን ይህን ሁሉ ለመጠበቅ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ በግምጃ ቤት ያለው አሮጌ ቴምብር ይወጣና የሚያስፈልገው ቃል ይታተምበታል። በጀርመን አገር በ1923 እ.ኤ.አ. ገንዘቡ ከቀን ወደ ቀን ሲወድቅ የ100 ማርክ ቴምብር የአንድ ሚሊያርድ ማርክ ዋጋ ታትሞበት ወጥቷል። በጎረቤታችንም በባሕሩ ዳር በ1892 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ቅኝ አገሮች ቴምብር «ኦቦክ» የሚል ጽሕፈት ተጨመረበት፤ ቆየት ብሎም የኦቦክ ቴምብር በተራው «ጅቡቲ» የሚል ታተመበት። በደቡብ አፍሪካ በኦሬንጅ ነጻ አገር በ1900 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች አገሩን በያዙ ጊዜ የንግሥት ቪክቶሪያን ስምና ማዕርግ የሚያመለክቱ ሦስት የላቲን ፊደሎች በአሮጌው ቴምብር ላይ አተሙ። በፊደሎቹ አጠገብ ያሉት ነጥቦች በፊተኛው ኅትመት ከፊደሉ ግርጌ፤ በኋለኛው ግን ከፍ ብለው ስለ ተቀመጡ፤ ሰብሳቢዎች የፊተኛውን ከኋለኛው የሚለዩት በዚያች በምታህል ነጥብ ነው። በዛንዚባርም በ1895 እ.ኤ.አ. በሕንድ ቴምብር ላይ የአገሩ ስም ሲታተም ፊደል ለቃሚው ስቶ «ዛንዚዳር» ያለበት ተገኝቷል፤ ይህ ስሕተት ዛሬ ከትክክለኛው ይልቅ ይፈለጋል፤ ስለ ተፈለገም አታላዮች በብዙ አስመስለው ሠርተውታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ እጅግ ሰፊ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ የታተሙ ሰባት ናቸው። ሩብ፤ ግማሽ፤ 1 እና 2 ግርሽ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፤ 4፤ 8 እና 16 ግርሽ ደግሞ አንበሳውን ይዘዋል። በ1887 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውለው ይገኛሉ። እስከ 1901 ዓ.ም. ድረስ ሌላ አዲስ ሥዕል ስላልተተካባቸው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን የተፈለገው ለውጥ ሁሉ የተፈጸመው በእነዚሁ በሰባቱ ጀርባ ላይ ነው ማለት ይቻላል። በ1893 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስም በፈረንሳይኛ ተመታባቸው፤ በ1894 «ቦስታ» የሚል፤ በ1895 ደግሞ «መልእክት» ማለት የሆነ ቃል ተመታባቸው፤ በ1897 የፈረንሳይ ሳንቲም ዋጋ፤ በ1898 የንጉሠ ነገሥቱ ስም ተጨመረባቸው። «ቦስታ» የሚለውን ዛሬ የሚያይ ልጅ የፊደል ስሕተት ይመስለዋል፤ አንድ አንባቢም «ስሕተት ያለበት ውድ ቴምብር አገኘሁ» ብሎ ጽፎልኛል። ስሕተት አይደለም፤ የዚያ ዘመን ሰው ፖስታን «ቦስታ» ብሎ ይጠራው ነበር።

የ1897ቱን ለሚያደራጅ ሰው የሚረዳ አንድ ነገር ልንገር። ሩብ ግርሽ 5 ሳንቲም ተባለ፤ ግማሹ 10፤ አንዱ ግርሽ 20፤ ሁለቱ 40፤ አራቱ 80፤ ስምንቱ 1 ፍራንክ ከ60፤ አሥራ ስድስቱ 3 ፍራንክ ከ20። እያንዳንዱ የፊተኛው እጥፍ ነው። ከዚህ ተራ ወጥቶ የሚገኝ ሲኖር ምክንያቱ ሳይታወቅ ወደ አልበም መግባት የለበትም።

እነዚህ የላይ ጽሕፈቶች አብዛኞቹ በማተሚያ መኪና የታተሙ ሳይሆኑ በእጅ ማኅተም የተመቱ ናቸው፤ መከራውም ከዚህ ይጀምራል። ጽሕፈት የሌለባቸው ሰባቱ ቴምብሮች በብዙ ስለሚገኙና ዋጋቸውም ቀላል ስለ ሆነ፤ ማኅተም አስቀርጾ በላያቸው መምታት ለማንም የተቻለ ነው፤ ብዙዎችም አድርገውታል። ስለዚህ በወይዘሮዋ አልበም ላይ ሥራዬን የጀመርሁት በአጉሊ መነጽርና ሚሊሜትር በተጻፈበት ማስመሪያ ነው። የቴምብር መዝገብ መጻሕፍት እንደሚያስረዱት የ1893ቱ የፈረንሳይኛ ቃል እውነተኛው ርዝመቱ 9 ሚሊሜትር ከሩብ ነው፤ 8 ሚሊሜትር ከሦስት ሩብ የሆነው ከፖስታ ቤት ያልወጣ አስመስሎ የተሠራ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ምን ታህላለች የሚል ቢኖር፤ በክርክር ላይ ከዚያች ያነሰች የብዕር ጭረት መሬት ስታስነጥቅ አይቻለሁ። የ1894ቱ «ቦስታ» ደግሞ በሁለቱ ነጥቦች ይለያል፤ በእውነተኛው ነጥቦቹ ዝቅ ብለው ይገኛሉ፤ ከፍ ብለው የተቀመጡበት አስመስሎ የተሠራ ነው።

ማስመሪያ ብቻውን ግን አይበቃም። ከማስመሪያው ይልቅ እኔ የምተማመንባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ሁለቱም ከፍርድ ቤት የተማርኋቸው ናቸው። አንደኛው፤ ማን ቀደመ የሚለው ነው። የላይ ጽሕፈት የሚታተመው ቴምብሩ ሳይሸጥ በፊት ነው፤ የፖስታ ቤቱ የቀን ማኅተም የሚመታው ደግሞ ደብዳቤው ሲላክ ነው። ስለዚህ በተሠራበት ቴምብር ላይ የቀኑ ማኅተም ቀለም ከላይ፤ የጽሕፈቱ ቀለም ከታች ሊሆን ይገባዋል። ሁለቱ ቀለሞች በሚገናኙበት ቦታ በአጉሊ መነጽር ሲመለከቱት ጽሕፈቱ በቀኑ ማኅተም ላይ ተጋድሞ ከተገኘ፤ ያ ቴምብር አስቀድሞ ተራ ሆኖ የተሠራበት፤ ኋላ በሰው እጅ የተለወጠ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፤ መቼ የሚለው ነው። የ1893ን ጽሕፈት የያዘ ቴምብር የ1890 የቀን ማኅተም ቢገኝበት ምስክሩ ራሱን በራሱ ሐሰተኛ አድርጓል። ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ነገር ግን ስንት ሰው ቀኑን ሳያነብ ገንዘቡን ይከፍላል! የአውሮፓን ዘመን ከኛ ዘመን ጋራ ማዛመድ ግን አይዘንጋ፤ ከጥንት ጀምሮ በፖስታ ቤቶቻችን ማኅተም ላይ የሚገኘው አቈጣጠር አንድ ዐይነት ብቻ አይደለምና፤ ያለ ጥፋቱ የሚኰነን ቴምብርም ይኖራል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። ባለፈው «ቴምብሩን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አኑሩት» ብዬ ስጽፍ የሚቀር ዐይነት እንዳለ አላስታወቅሁም። ብዙ ዘመን ሆነው፤ ገና ጀማሪ ሳለሁ፤ ሐምራዊ ጽሕፈት የተመታበት የአንድ ግርሽ ቴምብር ከወረቀቱ ጋራ አግኝቼ በሳሕን ውሃ ውስጥ አኖርሁት፤ እኔም ምሳዬን ልበላ ሄድሁ። ስመለስ ውሃው የወይን ጠጅ መልክ ይዟል። ቴምብሩ ንጹሕና ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፤ ጽሕፈቱ ግን ከሳሕኑ ውስጥ ቀረ። በእጅ ማኅተም የሚመታው ሐምራዊ ቀለም ብዙ ጊዜ በውሃ የሚፈታ ስለ ሆነ እንዲህ ያለውን ቴምብር ፈጽሞ ውሃ ሊነካው አይገባም። በወረቀቱ ላይ እንዳለ ዙሪያውን ቈርጦ ማኖር ይሻላል፤ ከዚያም የሚሻለው ደብዳቤውን እንዳለ ከነፖስታው ማኖር ነው። ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ማኅበር አባል የሆነችው በጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ስለ ሆነ፤ ከዚያ በፊት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ደብዳቤ ከኛ ቴምብር ሌላ የፈረንሳይ ወይም የጅቡቲ ቴምብር ይለጠፍበት ነበር። ሁለቱን ቴምብሮች አጣምሮ የያዘ ፖስታ በጓዳ ሣጥን ውስጥ ያገኘ ሰው መቀስ አያንሣ። ያለፈውን ምክሬን ተከትሎ ሐምራዊ ጽሕፈት የጠፋበት አንባቢ ቢኖር ይቅርታ እለምናለሁ።

ከምኒልክ በኋላ ያሉት የላይ ጽሕፈቶች አብዛኞቹ የመንግሥትን ታሪክ የሚከተሉ ስለ ሆኑ ለማደራጀት ይቀላሉ። የንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ መጫን የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ሲሆን በ1901 በወጡት ቴምብሮች ላይ መታሰቢያ ታተመ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በ1920 ዓ.ም. የወጣው የንግሥት ዘውዲቱንና የአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንን መልክ የያዘው ዐሥር ቴምብር ነው። ነሐሴ 26 ቀን 1920 በአዲስ አበባ አዲሱ ፖስታ ቤት ሲከፈት በእጅ ማኅተም ተመታበት፤ መስከረም 27 ቀን 1921 ተፈሪ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ሌላ ጽሕፈት ተጨመረበት፤ ንግሥቲቱ መጋቢት 24 ቀን 1922 ካረፉ በኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥትነት መታወጅ ታተመበት። ሃያ ወር ባልሞላ ጊዜ አንድ ቴምብር አራት ዐይነት ሆነ ማለት ነው። በመጨረሻው ላይ ሥዕሉ የሞቱት ንግሥት፤ ጽሕፈቱ ግን የአዲሱ ንጉሠ ነገሥት የሆነበት ይገኛል። ይህን አራቱን ጐን ለጐን ያኖረ ሰው የዘመኑን ታሪክ በአንድ ገጽ ላይ ያያል። የፖስታ ቤቱ መክፈቻ ጽሕፈት በእጅ የተመታ ስለ ሆነ ተገልብጦ ወይም ሁለት ጊዜ ተመትቶ ይገኛል፤ ነጋዴዎች ይህን እንደ ትልቅ ተአምር አድርገው ቢያቀርቡም፤ የደከመው እጅ ማኅተሙን መገልበጡ እምብዛም አያስደንቅም።

በ1928 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ቀይ መስቀል የተመታባቸውን እዚህ በአጭሩ ብቻ አነሣለሁ፤ ቀይ ቀለም በቀላሉ የሚመሰል ስለ ሆነ መጠንቀቅ ነው። ስለ 1936ቱ ግን አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። በአዲስ አበባ በሚያዝያ 27 አደባባይ ስለሚገኘው ሐውልት መታሰቢያ የታተመው የላይ ጽሕፈት በአውሮፓ አቈጣጠር የኅዳር ወር 3 ቀን 1943 ይላል። አንድ ወዳጄ «ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የጫኑት በአውሮፓ ወር በ2 ነው፤ ስለዚህ ይህ 3 ስሕተት ነው፤ ወይም ሐሰት ነው» ብሎ ቴምብሩን ሊጥለው ነበር። የዘውዱ በዓል በኛ አቈጣጠር ጥቅምት 23 ነበረ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 በአውሮፓ 2 ላይ ዋለ፤ ከ1936 በፊት የነበረው ዓመት ግን ጳጕሜን 6 ስለ ነበረ ጥቅምት 23 ቀን 1936 በ3 ላይ ዋለ። ጽሕፈቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ወዳጄ ነው።

የኤርትራን ቴምብር የሚሰበስቡ ሰዎች ሌላ ሥራ አለባቸው። በ1893 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ ቴምብር «ኮሎኒያ ኤሪትሬያ» የሚል ታትሞበት ተጀመረ። እንግሊዞች ከያዙት በኋላ ደግሞ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ መልክ ያለበት ቴምብር «ኤም ኢ ኤፍ» የሚሉ ሦስት ፊደሎች ታተሙበት፤ በ1948 «ቢ ኤም ኤ ኤርትራ»፤ በ1950 «ቢ ኤ ኤርትራ» የሚሉና በሳንቲምና በሽልንግ ዋጋው የተለወጠ ተከተሉ። ይህ በ1952 እ.ኤ.አ. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን ስትዋሐድ ቆመ። «ኤም ኢ ኤፍ» የሚለው በሊቢያና በዶዴካኔዝ ደሴቶችም ይሠራበት ስለ ነበር፤ ያልተሠራበት ሲሆን የማን እንደ ሆነ መለየት አይቻልም፤ የአስመራ ወይም የምጽዋ ማኅተም ያለበት ብቻ በኤርትራ ገጽ ይግባ።

ስለ አልበሙ አሰላለፍ ብዙ ሰዎች የላይ ጽሕፈት ያላቸውን ሁሉ ከአልበሙ መጨረሻ አንድ ላይ ያከማቻሉ። እኔ አልወደውም፤ ልጅን ከእናቱ ለይቶ እንደ ማኖር ነው። በገጹ ራስ ላይ ምንም ያልተጨመረበትን ቴምብር አኑሩ፤ ከሥሩ በላዩ የወጡትን ጽሕፈቶች በቀን ተራ አስከትሉ፤ በእያንዳንዱ ሥር ዘመኑን፤ የጽሕፈቱን ርዝመት በሚሊሜትርና የቀለሙን መልክ በእርሳስ ጻፉ። የምትጽፉት በገጹ ላይ እንጂ በቴምብሩ ጀርባ አይሁን። በቀለም ብዕርም አይሁን። ተገልብጦ የተመታ ቢኖራችሁ ከትክክለኛው ቀጥሎ ይኑር። የምትጠራጠሩትን ግን ከመካከላቸው አውጥታችሁ ለብቻው ገጽ ስጡት፤ ዛሬ የተጠራጠራችሁትን ነገ ልጃችሁ እውነት መስሎት እንዳይሸጠው። በክረምት ጊዜ እርጥበት ሙጫውን ከገጹ ጋራ ስለሚያጣብቀው አልበሙ ተጋድሞ በከባድ ነገር ሥር አይቀመጥ፤ ቆሞ በደረቅ ቦታ ይኑር። በገበያ ከሚሸጠው የፕላስቲክ መያዣ ደግሞ ለስላሳና የሚሸት የሆነውን አትግዙ፤ በጊዜ ብዛት ቀለሙን ያበላሻል። ቴምብሩን በወረንጦ አንሡ፤ ልጆቹንም ይህን ከመጀመሪያው አስተምሯቸው።

በወይዘሮዋ አልበም ውስጥ የምኒልክ ዘመን የላይ ጽሕፈት ያለባቸው ሃያ ሦስት ነበሩ። ሦስት ምሽት መረመርኋቸው። ዐሥራ አራቱ በልክ ወይም በቀን ማኅተም ሐሰት ሆኑ፤ አምስቱን ለመወሰን አልደፈርሁም፤ አራቱ ያለፉ መሰለኝ። በአራተኛው ምሽት ገጾቹን ወደ መብራት አቅርቤ ሳይ ከዐሥራ አራቱ ሐሰተኞችና ከአምስቱ ተጠርጣሪዎች ጐን በእርሳስ የተጻፈች፤ በዐይን የማትታይ ያህል የደበዘዘች «ጥ» የምትል ፊደል አገኘሁ። ከአራቱ ጐን አልነበረችም። በማግሥቱ ወይዘሮዋ ሲመጡ አሳየኋቸው።

«ይህ የእርሱ እጅ ጽሕፈት ነው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፤ «እንግዲያ ያውቅ ኖሯል። ለምን ጠብቆ አኖራቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሜቴ፤ ሌላ ሰው እውነት ብሎ እንዳይሸጣቸው ይመስለኛል» አልኋቸው።

ነጋዴው ላቀረበው ጥያቄ ከ1920 እስከ 1922 ዓ.ም. ካሉት ድርብ የሆኑትን ብቻ ለይተን ሰጠነው፤ የከፈለውም ገንዘብ ከተስፋው እጅግ ያነሰ፤ ለአንድ ዓመት ትምህርት የሚበቃ ሆነ። አራቱ የምኒልክ ቴምብሮች በአልበሙ ቀሩ። ወይዘሮዋ አልበሙን በነጠላው ጠቅልለው ሲነሡ የልጅ ልጃቸው በሚመጣው ሰንበት መጥቶ ማስመሪያ አያያዝ እንዲማር ጠየቁኝ፤ እኔም እሺ አልሁ።